መሬቱ ለምን ይዋል? ስለ ከተማ ቦታ አጠቃቀም የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በአገራችን ስለ ከተማ መሬት ክርክር ሲነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ማን ይያዘው በሚለው ላይ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባ መሬት እጅግ ጥቂት በሆኑ ባለ ርስቶች እጅ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ፣ በማግሥቱ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 የሊዙን ሥርዓት እንደገና አዋቀረው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስንሟገትበት የኖርነው የባለቤትነትና የይዞታ ጥያቄ ነው። እኔ ዛሬ ላነሳላችሁ የምፈልገው ግን ከእርሱ ጋር የተጎራበተውንና ብዙም ያልተወያየንበትን ጥያቄ ነው። ይዞታው የማንም ይሁን የማን፣ ይህ ቦታ ለምን ቢውል ለከተማዋ ይበጃል? መኖሪያ ይሠራበት? ፋብሪካ? ገበያ? ወይስ ዛፍ ይተከልበት፣ ጎመን ይልማበት?

ለዚህ ጥያቄ በየዕለቱ የምንሰማው መልስ አጭር ነው፤ ብዙ የሚከፍል ይውሰደው ይባላል። የ2004ቱ አዋጅም የጨረታ አሸናፊ የሚለየው ባቀረበው ዋጋና በሚከፍለው የቅድሚያ ክፍያ መጠን መሆኑን ደንግጓል። እርግጥ ነው፣ በሕጉ መሠረት ጨረታ የሚወጣው ፕላኑ ለቦታው በወሰነው አገልግሎት ላይ ስለሆነ ዋጋ ብቻውን ወሳኝ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፕላን አውጪውም፣ አስተዳደሩም፣ አልሚውም መሬትን የሚያዩት በካሬ ሜትር ስንት ያወጣል በሚል መነጽር ከሆነ፣ ዋጋው ከጨረታው ሰነድ ቀድሞ በፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የእኔ መከራከሪያ እንዲህ ነው። የአንድ ቦታ ዋጋ የሚነግረን ቦታው ለያዘው ሰው የሚሰጠውን ጥቅም ነው፤ በሌላው የከተማ ነዋሪ ላይ የሚጥለውን ወጪ አይነግረንም። ስለዚህ የመሬት አጠቃቀም ምርጫ መጀመር ያለበት ከተሳሳትን ልንመልሰው ከማንችለው ነገር ነው፤ ከውኃ፣ ከተዳፋትና ከአፈር። ቀጥሎ ርቀት ይመጣል፤ ሰው ከሚያድርበት እስከሚሠራበት ያለው መንገድ። ዋጋ መጠየቅ ያለበት እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው።

አንድ ተጫራች መሥሪያ ቤት ሄዶ ሰነድ ሲገዛ ምን ያሰላል? ሕንፃው የሚያስወጣውን ወጪ፣ የሚያስገኘውን ኪራይና የባንኩን ወለድ ያሰላል። ይህን ማስላቱ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ የእርሱ ነውና። የማያሰላው ሌላ ነው። ግቢውን በሲሚንቶ ሲሞላው ድሮ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናብ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሰው ግድግዳው ሲፈርስ ሒሳቡን የሚልክለት የለም። ሠራተኞቹ ከሩቅ እየመጡ በየቀኑ ስንት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደሚቆሙም በእርሱ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ደግሞስ ያ ቦታ ውድ የሆነው በምንድን ነው? መንገዱን የዘረጋው ሕዝብ ነው፣ ውኃና መብራቱን ያስገባው ሕዝብ ነው፣ በደጃፉ የሚያልፈው ገበያተኛም ሕዝብ ነው። የቦታ ዋጋ አብዛኛው ጎረቤት የፈጠረው ነው። እንግዲህ ጎረቤት የፈጠረውን ዋጋ ለመጠቀም ጎረቤትን የሚጎዳ አገልግሎት መምረጥ በምን ሒሳብ ምርጥ ይባላል?

ነገሩን በአዲስ አበባ መልክዓ ምድር ላይ እንየው። ከተማዋ በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነስታ በደቡብ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ እስከሚለው የአቃቂ ሜዳ ትወርዳለች። ከላይ የዘነበው ሁሉ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡ፣ በቡልቡላ፣ በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል ከተማዋን አቋርጦ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። ላይ የተወሰነው ነገር ሁሉ ታች ይደርሳል። እንጦጦ ራሱ ይህን ያስተምራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ስላለቀ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራውም ተጀምሮ ነበር፤ ከተማዋን እዚሁ ያቆያት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ቤተ መንግሥት ተሠርቶ፣ መኳንንቱ ሰፍሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ ሳለ፣ ማገዶ የሚሰጥ መሬት በመታጣቱ ብቻ ዋና ከተማ ሊለቀቅ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከተማ የቆመበትን የተፈጥሮ ሀብት ሳይቆጥር እስከ ምን ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። አቃቂ ቃሊቲ የድሮው ባቡር ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ የፋብሪካ ሰፈር ሆነ፤ ሜዳ ነው፣ ውኃ አለው፣ ሐዲዱ በአጠገቡ ያልፍ ነበር፣ መሬቱም ርካሽ ነበር። በዋጋና በምቾት ብቻ ከተመዘነ ምርጫው እንከን የለውም። ይሁንና ከተማዋ ከምትጠጣው ውኃ ከፍ ያለውን ድርሻ የሚሰጡት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኙት በዚያው በአቃቂ አካባቢ ነው። ከሰሜኑ ተራራ ጀምሮ ወደ መሬት የሚሰርገው ውኃ ወደ ደቡብ ይጓዛልና። እንግዲህ የመጠጥ ውኃ የምንቀዳበትን መስክና ዋናውን የፋብሪካ ቀጠና ጎን ለጎን አስቀምጠናል። ፋብሪካ በብዙ ወጪም ቢሆን ይነሳል፤ የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይጠራም። የሚመለስና የማይመለስ ስሕተት የምለው ይህን ልዩነት ነው።

መካኒሳና ላፍቶ ባለው የወንዝ ዳር የሚለማውን አትክልት ደግሞ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት በመደብ በመደብ ተዘርቶ፣ የወንዙ ውኃ በቦይ እየተጠለፈ ያጠጣዋል፤ ማለዳ ተቆርጦ በዚያው ቀን ገበያ ይደርሳል። ማቀዝቀዣ መኪና የለ፣ ረጅም ጉዞ የለ፤ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ የሚበላው አረንጓዴ ነገር ከጓሮው እንደመጣ ነው። ቦታው ክረምት ሲሆን ወንዙ የሚሞላበት ስለሆነ ቤት ሊሠራበት አይገባም፤ ለአትክልት ግን ደለሉ ሲሳይ ነው። በመርሕ ደረጃ ለወንዝ ዳር ከዚህ የተሻለ አገልግሎት ማግኘት ይከብዳል። ግን ከላይ በኩል በወንዙ ዳር የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ቆዳ ሲለፋ የክሮሚየም ጨው ይገባበታል፤ ፍሳሹ በሚገባ ሳይጣራ ሲለቀቅ ወንዙ ይዞት ይወርዳል፤ ከየሰፈሩ የሚለቀቀው የመጸዳጃ ፍሳሽም ይጨመርበታል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ተደጋግመው የተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ስለዚህ በመካኒሳ መሬት ላይ የተሠራው ስሕተት በመካኒሳ መሬት ላይ የተሠራ አይደለም፤ ከላይ ነው የተሠራው። አንድን ቦታ ነጥሎ፣ ዙሪያውን በካርታ ላይ አጥሮ፣ ለዚህ ምርጡ አገልግሎት ይህ ነው ብሎ መወሰን የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የማይመለስ ስሕተት የሚያስከፍለውን የሰው ሕይወት ቆሼ አሳይቶናል። ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ሲጀመር ከከተማው ውጭ ነበር። ከተማው እያደገ ሄዶ ከበበው፤ ቆሻሻው ተራራ ሆነ፣ በሥሩም ሰው ቤት ሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ በዘመናዊ መንገድ የተሠራ አዲስ መጣያ ተከፈተ፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ጉዳዩን ስለተቃወሙት ግን በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሰንዳፋ ላይ የምሕንድስናው ሥራ ተሠርቶ ነበር፣ ገንዘቡም ተገኝቶ ነበር። ያልተሠራው በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ሕዝብ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። ቆሼ ላይ ደግሞ ያልተሠራው በክምሩና በመኖሪያ ቤት መካከል ባዶ መሬት ማስቀረት ነው። ባዶ መሬት በሊዝ ዋጋ ሲታይ ገቢ የማያስገኝ ብክነት ነው፤ በዚያ ቀን ግን የስንት ሰው ነፍስ በሆነ ነበር።

ውኃና ተዳፋትን እዚህ ላይ ልተውና ወደ ርቀት ልለፍ፤ ብዙው የከተማ ነዋሪ በየቀኑ የሚከፍለው እርሱን ነውና።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በአገራችን ታሪክ አቻ የለውም። ከመቶ ሺህ በላይ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ተላልፈዋል፤ የራሴ የሚለው ቤት ይኖረኛል ብሎ አስቦ የማያውቅ ሰው ካርታ ይዟል። ይህን ማሳነስ አይገባም። ይሁንና ሰፋፊዎቹ የኮንዶሚኒየም መንደሮች የት እንደተሠሩ ተመልከቱ፦ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ሁሉም ዳር ላይ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 39 ጣቢያዎች አሉት፤ በአንድ በኩል ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ በሌላ በኩል ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይዘልቃል። ከላይ ከጠራኋቸው መንደሮች አንዱም በባቡሩ መስመር ላይ የለም። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ የሕዝብ ገንዘብ ትልቁ የቤት ሥራና ትልቁ የትራንስፖርት ሥራ ሲከናወኑ ሁለቱ አልተገናኙም።

የዚህ ዋጋ ስንት ነው? ለምሳሌ ያህል እናስላው። ኮዬ ፈጬ የሚያድርና መርካቶ የሚሠራ ሰው ሰልፉን ጨምሮ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል እንበል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 75 ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ፤ ይህ ስምንት ሰዓት በሚሠራበት አቆጣጠር ከዘጠኝ የሥራ ቀን በላይ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ሺህ ሰዎች ቢኖሩ በየወሩ 750 ሺህ ሰዓት ማለት ነው፤ ነዳጁና ጭሱ ገና አልተቆጠረም። ብዙ ባለ ዕጣዎች የደረሳቸውን ቤት አከራይተው እነርሱ መሐል ከተማ በኪራይ የሚቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቱን ጠልተውት አይደለም፤ ርቀቱ ከኪራዩ በላይ ስለሚያስከፍላቸው ነው።

ዳር ላይ የተሠራው መሬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው ይባላል። ርካሽ የሆነው ግን በማን ላይ ነው? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር የሚሰጠውን የማፈናቀያ ካሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር እንዲባዛ ደነገገ። ያው መሬት ለመኖሪያ ቤት በሊዝ ሲሰጥ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ለለቀቀው የአሥር ዓመት ምርት፣ ለተረከበው የ99 ዓመት ይዞታ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳውን አሻሽሎታል፤ ሆኖም በዚያ መካከል ከተማዋ ጤፍ የሚበቅልበትን ጥቁር አፈር በሰፊው ውጣለች። ገበሬው በቂ ካሳ ቢከፈለው ኖሮ፣ የውኃው መስመርና የመንገዱ ወጪ ቢደመር ኖሮ፣ የነዋሪው የመንገድ ሰዓትም ቢጨመር ኖሮ ዳሩ ከመሐሉ ርካሽ ሆኖ አይገኝም ነበር። ዋጋው የዋሸው ወጪው በሌሎች ትከሻ ላይ ስለተጫነ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ አርሶ አደር መካከል ለተፈጠረው ቅሬታ አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ መሐል ከተማ ቦታ የለማ፣ ታዲያ የት ይሠራ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልሰው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን መመሪያ የተያዘው መለኪያ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ የሚል ነው። በዚህ ልኬት 4,000 ካሬ ሜትር ላይ ጂ ፕላስ አራት እንሥራ። ምድር ቤቱን ለሱቅ፣ ለመዋዕለ ሕፃናትና ለዕድር አዳራሽ እንተወው። የቀሩት አራት ወለሎች 16,000 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ለደረጃና ለግድግዳ 15 በመቶ ቀንሰን ለአንድ ቤት 50 ካሬ ሜትር ብንመድብ ወደ 270 ቤተሰብ ይገባል። ሊፍት አያስፈልገውም፤ ሰማይ ጠቀስ አይደለም፤ ከመሬቱ ሲሶ ያህሉ ዛፍና ሣር ነው። በዚያው ሄክታር ላይ 30 በመቶውን ለመንገድ ትተን 200 ካሬ ሜትር እየሸነሸንን ለቪላ ብንሰጠው 35 ቤተሰብ ነው የምናሰፍረው፤ ለዚያውም ለአረንጓዴ የተረፈ ጋት መሬት ሳይኖር። እንግዲህ ከባቡር ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ያለ ቦታ ለመጀመሪያው ዓይነት አገልግሎት ቢውል፣ ዳር ያለው የጤፍ መሬት እንዲተርፍ ያደርጋል። ከተማን ጠጋ ጠጋ አድርጎ መሥራት ገጠርን የማዳን ሥራ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። የብራዚሏ ኩሪቲባ በ1966 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ፕላን ከተማዋ የተወሰኑ ዋና ዋና ጎዳናዎችን ተከትላ እንድታድግ ወሰነች፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሰጠች፤ ረጅም ሕንፃ የሚፈቀደውም በዚያው መስመር ዳር ሆነ። የሚገርመው ሌላው ግማሽ ነው። ወንዞቿ በክረምት እየሞሉ ሰፈር ሲያጥለቀልቁ፣ ውኃው የሚተኛበትን ሜዳ ፓርክ አደረገችው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የባሪጉዪ ፓርክ አንዱ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሐይቁ ይሞላል እንጂ ቤት አይፈርስም። ኩሪቲባ ገነት አይደለችም፤ ከከተማው ወሰን ውጭ ያሉት ድሃ መንደሮች የዚህ ጥቅም እኩል ተካፋይ አልሆኑም፣ የግል መኪናም በዝቶባታል። ግን አስቀድሞ ውኃው የት ይተኛ፣ ቀጥሎ ሰው በምን ይጓዝ፣ ከዚያ ሕንፃው የት ይቁም የሚለውን ቅደም ተከተል የያዘች ከተማ በመካከለኛ አቅምም መሥራት እንደምትችል አሳይታለች። በአዲስ አበባም በቅርብ ዓመታት በወንዝ ዳር የተሠሩት መናፈሻዎችና በእንጦጦ ላይ የተከናወነው ሥራ በዚህ መንፈስ ከታዩ ትክክለኛ አቅጣጫ ናቸው፤ መለኪያው ግን ውበታቸው ብቻ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ውኃውን መያዛቸው፣ ከጎናቸው የሚኖረው ሕዝብም በነፃነት መግባት መቻሉ መሆን አለበት።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች ጠንካራው የመሐል ከተማውን አሮጌ ሰፈር የሚመለከተው ነው። ካዛንቺስን፣ ፒያሳን፣ ሠንጋ ተራን የመሰለ ውድ ቦታ በጭቃ ቤትና በቆርቆሮ ተይዞ መቅረት ነበረበት ወይ? አልነበረበትም። የቀበሌ ቤት ሕይወትን ማስዋብ አልፈልግም። ብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ እሳት ቢነሳ መኪና የማይገባበት ሰፈር ሊለወጥ ይገባዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ለእግረኛና ለብስክሌት የሰጠው ቦታ ግማሽ ያህሉ ጉዞ በእግር በሚደረግበት ከተማ ትልቅ ነገር ነው። የምከራከረው ሰፈሩ ይለወጥ አይለወጥ በሚለው ላይ ሳይሆን ሰዎቹ የት ይሁኑ በሚለው ላይ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ቤቷ ማደሪያዋም መሥሪያዋም ነው። ደንበኞቿ በዙሪያዋ ያሉት ሻይ ቤቶችና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ዱቄቱን የምትበደረው ከሚያውቃት ባለ ሱቅ ነው፤ ዕቁቧና ዕድሯ እዚያው ናቸው። ወደ ዳር ስትዛወር የተሻለ ግድግዳና ጣሪያ ታገኛለች፤ ደንበኛዋን፣ ዱቤዋንና ዕድሯን ግን ይዛ አትሄድም። ለእርሷ የሚሰጠው ቤት የጠፋውን ገቢዋን አይተካም። ልደታ ላይ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም መሠራቱ ነዋሪን መሐል ከተማ ማኖር በምሕንድስናም በገንዘብም እንደሚቻል ያሳያል። የአዲስ አበባ የጥንት ሰፈሮች በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተቆረቆሩ ስለሆኑ ሀብታምና ድሃ ጎን ለጎን የኖሩባቸው ነበሩ፤ ብዙ ከተሞች በብዙ ገንዘብ ሊፈጥሩት የሚመኙትን ይህን ቅይጥ ኑሮ እኛ ያለ ወጪ አግኝተነው ነበር። አንዴ ከተበተነ በኋላ በአዋጅ አይሰበሰብም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገቢ ነው። መንግሥት መንገድ የሚሠራው፣ ውኃ የሚያስገባው በሊዝ ገንዘብ ነው፤ ውዱን ቦታ በውድ ካልሸጠ ከየት ያመጣል? እውነት አለው፤ ነገር ግን የሊዝ ገቢ መሬቱ ሲተላለፍ የሚገኝ ገንዘብ ነው፣ መሬቱ ሲያልቅ እርሱም ያልቃል። በሊዝ ገቢ የለመደ ማዘጋጃ ቤት በየዓመቱ አዲስ መሬት መፈለግ ይኖርበታል፤ ያም ወይ ዳሩን ወይ አሮጌውን ሰፈር ያስነሳል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሌላ በር ከፍቷል። ይህ ግብር ከሕንፃው ይልቅ በቦታው ዋጋ ላይ ቢከብድ፣ ቦታ አጥረው ለዓመታት የሚያስቀምጡ ሰዎች ወይ እንዲሠሩበት ወይ እንዲለቁት ያስገድዳል፤ ገቢውም በየዓመቱ የሚመጣ ይሆናል። የሲንጋፖርን ብልጽግና እንደ ምሳሌ የሚያነሱ ብዙዎች ናቸው። እዚያ አብዛኛው መሬት የመንግሥት ነው፣ ከነዋሪው 80 በመቶ ያህሉ በመንግሥት የቤቶች ልማት በተሠራ ቤት ይኖራል፤ ጨረታ አለ፣ ዋጋ አለ፤ ግን ጨረታው የሚወጣው ውኃው፣ ባቡሩና መኖሪያው በፕላን ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። ዋጋ አገልጋይ ሆኖ ሲሠራ ጥሩ ይሠራል።

ሦስተኛው ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ተቃውሞ ነው፤ ፕላን መች ተከብሮ ያውቃል ይላል። አዲስ አበባ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በየአሥርና በየሃያው ዓመት ፕላን ሲነደፍላት ኖራለች፤ በ1948 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ በኋላም ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ በደርግ ዘመን ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ ነድፈውላታል። ብዙው በሥራ አልዋለም። ሆኖም በሥራ የዋለው ጥቂቱ ምን ያህል እንደሚጸና ተመልከቱ። ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ወደ ምዕራብ ያዛወሩት አገሬውን ከነጭ ለመለየት በነበራቸው የዘረኝነት ፖሊሲ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመት ወጣ፤ መርካቶ ግን 90 ዓመት ሊሞላው ነው፣ የአገሪቱ ንግድም በዙሪያው ተዋቅሯል። በክፉ ዓላማ የተወሰነ የመሬት አጠቃቀም እንኳ መንግሥታትን አልፎ የሚኖር ከሆነ፣ በጥንቃቄ የተወሰነው እንዴት አይኖር? ፕላን የማይከበረው ሕዝቡ የማያውቀው ሰነድ ስለሆነ ነው። በሚያውቀው ሰነድ ላይ የሚፈጸም ጥሰት ቢያንስ ከሳሽ ያገኛል።

ስለዚህ የማቀርበው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቦታ ለጨረታ ወይም ለምደባ ከመውጣቱ በፊት በማስታወቂያው ላይ ከካሬ ሜትሩና ከመነሻ ዋጋው ጋር አብሮ ሊጻፍ የሚገባው ነገር አለ፤ ዝናቡ ከዚህ ቦታ ወዴት ይፈሳል፣ ከሥሩ ጉድጓድ ወይም ምንጭ አለ ወይ፣ የቅርቡ የአውቶቡስ ወይም የባቡር ፌርማታ በእግር ስንት ደቂቃ ነው፣ ዛሬ በቦታው ላይ ማን እየኖረ በምን ይተዳደራል፣ ሲነሳስ የት ይገባል? እነዚህን ለመመለስ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ መረጃው በየቢሮው ተበታትኖ ይገኛል። መልሱ በአደባባይ ከተለጠፈ የሰፈሩ ሰው አንብቦ ይመሰክራል ወይም ይቃወማል። ለከተማ ግብርና የሚሰጠው የሊዝ ዘመንም መታየት ያለበት ነው። የ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሰጥ ለከተማ ግብርና የሰጠው 15 ዓመት ነበር። የፍራፍሬ ዛፍ የሚተክል፣ አፈሩን በፍግ የሚያዳብር፣ ቦይ በድንጋይ የሚገነባ ሰው በ15 ዓመት ተስፋ ይህን ሁሉ አያደርግም፤ የሚያደርገው በዓመት ሦስት ጊዜ የሚታጨደውን ቆስጣ መዝራት ብቻ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የተነደፈው ለአሥር ዓመት ነበር፤ ዘመኑ እያለቀ ነው፣ የሚተካውም መዘጋጀት ይኖርበታል። ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ አዳራሹ ውስጥ የምትገቡት እናንተ ናችሁ። ካርታው በቀለም ያሸበረቀ ይሆናል፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ እየተባለ ይነገራችኋል። እናንተ ግን የወንዞቹን ሰማያዊ መስመር ፈልጉና በግራና በቀኝ ስንት ሜትር እንደተተወላቸው ጠይቁ። ቀጥሎ አዲስ የተሳለውን የመኖሪያ ሰፈር ጠቁሙና ከዚህ እስከ መርካቶ ሰው በምን ይሄዳል በሉ። ከዚያም በአሁኑ ሰዓት በቦታው ላይ የሚኖሩት ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ መኖራቸውን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከሌሉ ስብሰባው እነርሱ ተጠርተው እስኪመጡ ይቆይ በሉ።